የአገር ቁጥር እንዴት የጌም ኃይል ይሆናል? ለስትራቴጂ ጌም ሠሪዎች ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ለሚኖር ሰው ሎጂስቲክስ ከደጁ ያለ ነገር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢዎች ሌት ተቀን በከተማችን ያልፋሉ። ሾፌሮቹ ቡና ሲጠጡ ወሬያቸው ርቀት፣ ናፍጣ፣ ጎማና ወረፋ ነው። እኛ ግን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር የመጀመሪያውን ስትራቴጂ ጌማችንን ስንሠራ ይህን ሁሉ ዘነጋነው። የአገሮችን የሕዝብ ብዛት፣ የሠራዊት ቁጥርና የመከላከያ ወጪ ሰበሰብንና እንዳለ ካርታው ላይ አስቀመጥነው። ጨዋታው በአራተኛው ተራ አለቀ። ትልቁን አገር የያዘው ልጅ አሸነፈ። የቀሩት ምንም ቢያደርጉ ለውጥ እንደማያመጡ በሁለተኛው ተራ ገብቷቸው ነበር።

ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ። የጎደለው በቁጥሩና በጦር ሜዳው መካከል ያለው መንገድ ነው። የአንድ አገር ጠቅላላ ድምር ኃይል የሚሆነው ጊዜንና ርቀትን ተሻግሮ ተጫዋቹ የሚፈልገው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ነው። ለመጀመር ኤክሴል፣ ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት ዳዶ (ለዕድል የሚጣለው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ) ይበቃል። ኮድ መጻፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

1. ከቁጥሩ በፊት ውሳኔውን ጻፉ

ኤክሴሉን ከመክፈታችሁ በፊት ተጫዋቹ በየተራው የሚወስናቸውን ነገሮች ባዶ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ገበሬውን ከእርሻ አንስቼ ልመልምል ወይስ አዝመራው ይሰብሰብ? ብረቱን ለመንገድ ላውለው ወይስ ለመድፍ? ወደብ ልከራይ ወይስ ወደብ ልያዝ? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን የሚያስፈልገውን ቁጥር ጻፉ። ጥያቄ ያልተገኘለት ቁጥር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ጌሙ አይግባ። እኛ በ31 ዓምድ ጀምረን በ7 ጨረስን።

ጥቂት ቁጥር ብዙ ሥራ እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ኮሪሌትስ ኦፍ ዋር የተባለውን የጥናት ፕሮጀክት ይመልከት። ጄ ዴቪድ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1963 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ነው። የአገሮችን ቁሳዊ አቅም ከ1816 ጀምሮ በስድስት ነገሮች ብቻ ይለካል፦ የጦር ወጪ፣ የሠራዊት ብዛት፣ የኃይል ፍጆታ፣ የብረትና የአረብ ብረት ምርት፣ የከተማ ነዋሪ ብዛትና ጠቅላላ ሕዝብ። በእያንዳንዱ መለኪያ አገሪቱ ከዓለም ድምር ያላትን ድርሻ ያወጣና ስድስቱን ድርሻዎች ደምሮ ለስድስት ያካፍላል። ለጌም ሠሪ በጣም የሚመች ቀመር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በአንድ መለኪያ ይነበባል። በመረጃው ውስጥ ተዋጊ ጀት ወይም ታንክ እንደሌለ ልብ በሉ። ፋብሪካና ከተማ ያለው አገር ውሎ አድሮ ታንኩን ይሠራል የሚል ሐሳብ አለው።

2. ምንጭ መምረጥ

ለሕዝብና ለኢኮኖሚ የዓለም ባንክ፣ ለጦር ወጪና ለመሣሪያ ንግድ ሲፕሪ የሚባለው የስቶክሆልም የሰላም ጥናት ተቋም፣ ለሠራዊትና ለመሣሪያ ብዛት ደግሞ የለንደኑ ዓለም አቀፍ የስትራቴጂ ጥናት ተቋም በየዓመቱ የሚያሳትመው ጥራዝ አለ። የመጨረሻው በክፍያ የሚገኝና የቅጂ መብት ያለው ስለሆነ ሰንጠረዡን ገልብጣችሁ በጌማችሁ ውስጥ ማሰራጨት አትችሉም። የዓለም ባንክ መረጃ በአብዛኛው ምንጩን ከጠቀሳችሁ ለንግድም ጭምር የተፈቀደ ነው። ለካርታ ናቹራል ኧርዝ ነፃ ነው።

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሄደው ግሎባል ፋየርፓወር ወደሚባለው ደረጃ ሰጪ ነው። ከ60 በላይ ነገሮችን አንድ ላይ ፈጭቶ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ በዚያ ነጥብ ደግሞ ወደ ዜሮ የቀረበ አገር ነው ጠንካራ የሚባለው። ይህን ሳያውቅ ነጥቡን በቀጥታ ያስገባ ሰው ዓለምን ገልብጦ ያገኛታል። ከዚያ የባሰው ችግር የተፈጨ ቁጥር ተመልሶ እህል አለመሆኑ ነው። ተጫዋቹ ነዳጁን ቢያጣ ከነጥቡ ስንት ይቀነስ? መልስ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ያልተፈጨውን ውሰዱ።

3. ማጽዳት፦ ዓመት፣ ስምና ድንበር

ይህ ደረጃ ያሰለቻል፤ ግን ስህተቱ ሁሉ የሚገባው በዚህ በር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ዓመት ምረጡና ሁሉንም ቁጥር ከዚያ ዓመት ውሰዱ። የአንዱን አገር ሕዝብ ከ2010፣ የሌላውን ከ2023 ከወሰዳችሁ ሳታውቁት ለአንዱ አድልታችኋል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት፤ ዘመን አቆጣጠራችን ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ይለያል፣ የበጀት ዓመታችንም ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። የ2016 በጀት ዓመት ከጁላይ 2023 እስከ ጁላይ 2024 ነው። ከሌላ አገር የጃንዋሪ በጀት ጋር ለማነጻጸር ሁለት ተከታታይ ዓመቶቻችንን ግማሽ በግማሽ መደመር ግድ ነው። ያለፈው ሙሉ የሕዝብ ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ሲሆን 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ቆጥሯል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ሁሉ ትንበያ ስለሆነ ከቁጥሩ አጠገብ "ግምት" የሚል ምልክት ይኑረው።

ስም ሌላ ወጥመድ ነው። ኒጀርና ናይጄሪያ፣ ሁለቱ ኮንጎዎች፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ስሟን ከስዋዚላንድ የለወጠችው ኢስዋቲኒ፣ እነዚህ ሁሉ በተለያዩ ሰንጠረዦች በተለያየ አጻጻፍ ይመጣሉ። በስም አታገናኙ። ለእያንዳንዱ አገር የተሰጠውን ባለ ሦስት ፊደል ዓለም አቀፍ ኮድ ተጠቀሙ።

ድንበርም ይለወጣል። ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት ያለው የኢትዮጵያ ካርታ ኤርትራን ይጨምራል፤ ከ2011 በፊት ያለው የሱዳን ካርታ ደቡብ ሱዳንን ይጨምራል። የዛሬውን ካርታ ይዞ የ1985ን ቁጥር ማስገባት ወደብ አልባ ለሆነች አገር የባሕር ኃይል መስጠት ነው።

4. ገንዘቡን ተጠራጠሩት

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር ብቻ የሚለካ ጌም በዚያ ወር የኢትዮጵያን ኢኮኖሚ ግማሽ ሊያደርሰው ይችል ነበር። አዳማ ዙሪያ ያለው ማሳ ግን አልጠበበም፤ የመቂ ሽንኩርትም ያው ነበር።

ስለዚህ ለአገር ውስጥ ነገሮች፣ ማለትም ለወታደር ደመወዝ፣ ለቀለብ፣ ለመንገድ ሥራ፣ በሸመታ አቅም የተስተካከለውን፣ ማለትም ገንዘቡ በአገሩ ዋጋ ስንት ዕቃ እንደሚገዛ ታይቶ የተሰላውን የኢኮኖሚ መጠን ተጠቀሙ። ከውጭ ለሚገዙ ጀቶች፣ ራዳሮችና ነዳጅ ደግሞ በምንዛሪ የተሰላውን። በጌሙ ውስጥ ሁለት ካዝና ማለት ነው፤ አንዱ የብር፣ ሌላው የዶላር። ይህን ካደረግን ወዲህ ተጫዋቾቻችን ቡና ወደ ውጭ መላክን እንደ ጦርነት ውሳኔ ማየት ጀመሩ።

5. ልዩነቱን ማጥበብ፣ ግን የት?

ሲፕሪ ለ2024 ባወጣው መሠረት የዓለም የጦር ወጪ 2,718 ቢሊዮን ዶላር ነው። አሜሪካ 997፣ ቻይና በግምት 314፣ ሩሲያ በግምት 149 ቢሊዮን አውጥተዋል። በድርሻ ሲሰላ 36.7፣ 11.6 እና 5.5 ከመቶ። ሦስት አገር ብቻ ዘርዝረን ከግማሽ በላይ ሄደ። እንዲህ ያለ ቁጥር እንዳለ ቢገባ ሌላው ሁሉ ተመልካች ይሆናል።

የተለመደው መፍትሔ ሎጋሪዝም ነው፤ ማለትም ቁጥሩን ለማግኘት 10 ስንት ጊዜ በራሱ መባዛት እንዳለበት የሚነግር ስሌት (የ100 ሎጋሪዝም 2፣ የ1,000 ደግሞ 3 ነው)። በሕዝብ ብዛት እናስላው፦ ሕንድ 1,430 ሚሊዮን፣ ኢትዮጵያ 128 ሚሊዮን፣ ኬንያ 55 ሚሊዮን፣ ጅቡቲ 1.1 ሚሊዮን ብለን እናጠጋጋ። የእያንዳንዱ ሎጋሪዝም በቅደም ተከተል 9.16፣ 8.11፣ 7.74 እና 6.04 ነው። ከአገሪቱ ሎጋሪዝም የትንሹን ቀንሱ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ላለው ልዩነት አካፍሉ፣ በ90 አባዙ፣ 10 ጨምሩ። ሕንድ 100፣ ኢትዮጵያ 70፣ ኬንያ 59፣ ጅቡቲ 10 ትሆናለች። በቀጥታ ድርሻ ቢሆን ሕንድ 100 ስትሆን ኢትዮጵያ 9፣ ኬንያ ወደ 4፣ ጅቡቲ ከ0.1 በታች ነበሩ። ኮስታ ሪካ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ ጦር የላትም፤ የዜሮ ሎጋሪዝም ደግሞ የለም። ስለዚህ ሠራዊትን በሎጋሪዝም የምታሰሉ ከሆነ ከማስላታችሁ በፊት በሁሉም ላይ 1 ደምሩ።

ይሁን እንጂ ሎጋሪዝምን ሁሉም ቦታ ላይ መጠቀም ጌሙን ውሸታም ያደርገዋል። ጅቡቲን የሕንድ አንድ አሥረኛ ማድረግ ለአስተዳደር ብቃት ወይም ለምርምር ፍጥነት ይሆናል፤ ለእግረኛ ጦር ግን አይሆንም። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ቀስ እያሉ የሚያድጉትን ነገሮች በሎጋሪዝም አጥብቡ፤ ካርታ ላይ የሚቆመውን ወታደር ግን በእውነተኛው ልክ ተዉት። እሱን ርቀቱ ራሱ ይቀንሰዋል።

6. ጥራትና ውጊያ

የወታደርን ጥራት በቀጥታ የሚለካ ሰንጠረዥ የለም። ለመነሻ ያህል የጦር ወጪን ለሠራዊቱ ቁጥር ማካፈል ይቻላል። የአሜሪካ 997 ቢሊዮን ለ1.3 ሚሊዮን ሠራዊት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ወደ 767 ሺህ ዶላር ይመጣል፤ የቻይና 314 ቢሊዮን ለ2 ሚሊዮን ሠራዊት ሲካፈል ደግሞ 157 ሺህ ዶላር። ልዩነቱ ወደ 4.9 እጥፍ ነው። ግን ደመወዝና ጡረታም በዚህ ውስጥ ስላለ አምስት እጥፍ ይዋጋሉ ማለት አይቻልም። ካሬ ሥሩን ስንወስድ 2.2 ይሆናል፤ እኛ የምንጠቀመው ይህንን ነው። ለመሣሪያም እንዲሁ፣ በዝርዝር ላይ ያለ 100 ታንክ 100 ታንክ አይደለም። ስንቱ ይነሣል፣ ስንቱ ሠራተኛና መለዋወጫ አለው የሚለውን እናንተው በግምት ወስናችሁ አባዙት፤ ግምት መሆኑንም ጻፉበት።

ለውጊያው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያሳተመው ቀመር እስካሁን ይሠራል። ሁሉም በሁሉም ላይ መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የጦር ብርታት የሚያድገው በቁጥሩ ካሬ ነው። 1,000 ሰው ከ500 ሰው ጋር በእኩል ጥራት ቢዋጋ የአንደኛው ብርታት ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ሁለተኛው እስኪያልቅ ከተዋጉ ደግሞ ከ1,000ው 866 ገደማ ይተርፋል። በጎራዴና በጦር ለሚደረግ ግጥሚያ፣ ወይም በጠባብ ገደል ውስጥ፣ ካሬው ቀርቶ ቁጥሩ ራሱ ይበቃል። ውጤቱን በሁለት ዳዶ ጥቂት አወዛውዙት፤ ከዚያ በላይ ዕድል ካስገባችሁ ቁጥር የሰበሰባችሁበት ድካም ይባክናል።

ከዚህ ካሬ የሚወጣ አንድ ነገር ጌሙን ሁሉ ይለውጠዋል። 16,000 ሰው አንድ ላይ ሲቆም ብርታቱ 256 ሚሊዮን ነው። በአራት ተከፍሎ እያንዳንዱ 4,000 ለየብቻ ቢያዝ አራቱ ተደምረው 64 ሚሊዮን ብቻ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ሩብ። አንድ ሰው ሳይሞት ሦስት አራተኛው ብርታት ጠፋ ማለት ነው። ይህን አስታውሱት፤ ወዲያው እንመለስበታለን።

7. ርቀት፦ ቁጥሩ የሚጣራበት ወንፊት

አንድ ቀን አንድ ቡና ቤት ውስጥ ወረቀቱን ዘርግተን ስንጫወት አጠገባችን የተቀመጡ የተሳቢ ሾፌር ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና "ልጆች፣ ይሄ መኪና ሲመለስ በምን ይመለሳል?" አሉን። ስንቁን ግንባር ድረስ እናደርስ ነበር እንጂ ተሸካሚው ባዶውን ሲመለስም እንደሚበላ አላሰብንም። የጌማችን ዋና ቀመር የተገኘው ከዚያ ጥያቄ ነው። እግዜር ይስጣቸው።

ቀመሩ ቀላል ነው። የሚደርሰው ስንቅ ከጭነቱ ላይ የደርሶ መልሱ ፍጆታ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። አንድ በቅሎ 100 ኪሎ ይጫናል፣ በቀን 5 ኪሎ ይበላል ብለን እንነሣ። የአምስት ቀን መንገድ ከሆነ ደርሶ መልስ 10 ቀን፣ 50 ኪሎ በልቶ 50 ያደርሳል። የአሥር ቀን መንገድ ከሆነ 20 ቀን፣ 100 ኪሎ በላ፤ ምንም አላደረሰም። ከዚያ በኋላ መቶ በቅሎ ብትጨምሩም ለውጥ የለም። መንገድ ላይ ሣር ካለ ስንቁ ሊደርስ የሚችልበት ርቀት ይረዝማል፤ ስለዚህ ክረምትና በጋ፣ ደጋና ቆላ ራሳቸው ቁጥር ይሆናሉ። ለመኪናም ያው ነው፤ በቅሎውን በናፍጣ ለውጡት። የመንገዱን ዓይነት በሦስት ብቻ ክፈሉ፦ ባቡርና ባሕር ርካሽ፣ አስፋልት መካከለኛ፣ ተራራ ውድ።

ለእያንዳንዱ የካርታ ክፍል በቀን ስንት ሰው መቀለብ እንደሚቻል አስሉ። ከዚያ በላይ የገባ ጦር በየተራው ይቀንሳል። ትልቅ አገር ሚሊዮን ወታደር ቢኖረውም ያ ተራራ የሚቀልበው 20,000 ከሆነ እዚያ ያለው 20,000 ነው።

አሁን ጌማችሁን በዓድዋ ፈትኑት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የነበሩትን ቁጥሮች አስገቡ። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ጦር 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ ነበረው። የአፄ ምኒልክ ሠራዊት እንደ ግምቱ ወደ 100,000፣ መድፉ ወደ 40። በአገር ደረጃ ካያችሁ ግን ጣሊያን ፋብሪካ፣ ባቡርና መርከብ የነበራት አገር ነች፤ ኢትዮጵያ ቆጠራ እንኳ አልነበራትም። የአገር ድምር ብቻ የሚያይ ጌም ለጣሊያን ይፈርዳል።

ትክክለኛውን ውጤት የሚያመጡት ሦስት ደንቦች ናቸው። አንደኛው ባሕሩና ዳገቱ ነው፤ ከምፅዋ ተነሥቶ ደጋውን የወጣው የጣሊያን ኃይል የአገሩ ቁራሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ክተት ነው። ምኒልክ መስከረም ላይ ክተት አውጀው ሠራዊቱ እየተጠራቀመ ወራት ተጓዘ። በጌሙ ውስጥ ክተትን በሁለት የጊዜ ቆጣሪዎች ሥሩት፤ አንዱ ጦሩ እስኪሰበሰብ የሚፈጀው፣ ሌላው ከተሰበሰበ በኋላ አካባቢው ሊቀልበው የሚችለው ጊዜ። በየካቲት መጨረሻ የሁለቱም ወገን ስንቅ ተሟጦ ነበር፤ ባራቲዬሪ ቢያፈገፍግ ወይም ጥቂት ቢቆይ ምን ይሆን ነበር የሚለው ተጫዋቹ በእጁ የሚፈትነው ጥያቄ ይሆናል። ሦስተኛው መነጣጠል ነው። በሌሊቱ ጉዞ የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ በተሳሳተ ንድፍ ካርታ እየፈለገ ከሌሎቹ ርቆ ሄደ፤ ብርጌዶቹ ተራ በተራ ተመቱ። የላንቸስተር ካሬ ላይ ያየነው ይኸው ነው። ካርታን የማያውቅ ጦር በሌሊት ሲጓዝ የመነጣጠል ዕድሉ በዳዶ እንዲጣል አድርጉ።

8. ትንሹን አገር በግብ አመጣጥኑ

ዳማ ላይ ሁለቱም ወገን በእኩል ጠጠር ይጀምራል። በእውነተኛ ቁጥር የተሠራ ጌም እንዲህ ሊሆን አይችልም፤ ለማመጣጠን ብሎ የጅቡቲን ጦር በአሥር ማባዛትም ተጫዋቹን ማታለል ነው። ቁጥሩን ተዉና የማሸነፊያውን መንገድ ለውጡ። ጅቡቲ ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ግን በባብ ኤል መንደብ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፈሮች በአንድነት አሉባት፤ የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በእሷ በኩል ያልፋል። እሷን የያዘ ተጫዋች የሚያሸንፈው ማንንም ሳይወር፣ ሁሉም ጎረቤት የሚፈልጋት ሆና እስከ መጨረሻው ተራ ስትቆይ ይሁን። በእኛ ቡድን ውስጥ ከሁሉ የሚሻሙባት አገር አሁን እሷ ሆናለች።

እግረ መንገዴን አንድ ልመና። ሐዘኑ ገና ካልወጣ ጦርነት ጌም አትሥሩ። ከጎናችሁ የተቀመጠው ልጅ ማንን እንዳጣ አታውቁም። የዛሬን ዘመን መሥራት ከፈለጋችሁ የእውነተኛ አገሮችን ተመጣጣኝ ቁጥር ለፈጠራ አገሮች ስጡ፤ ቀመሩ ያው ይሠራል።

9. ሙከራና ኮድ

በወረቀት ቢያንስ አሥር ጊዜ ተጫወቱ፣ በየጊዜውም አንድ ቁጥር ብቻ ለውጡና ውጤቱን በደብተር ያዙ። ሁለት ቁጥር በአንዴ ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ያልተፈጨውን መረጃ በአንድ ሰንጠረዥ፣ ቀመሮቹን በሌላ አኑሩ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ምንጩና ዓመቱ አጠገቡ ይኑር። ወረቀቱ ሲያረካችሁ ሰንጠረዡን በኮማ የተለየ ፋይል አድርጋችሁ አውጡና በፓይተን ወይም በነፃ በሚገኘው ጎዶት አንብቡት። ቁጥሮቹን ኮድ ውስጥ አትጻፏቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መረጃ ሲወጣ ፋይሉን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ከዓድዋ ሙከራ በኋላ ደንቡን ሳትነኩ የ1928 ዓ.ም.ን ቁጥሮች አስገቡ። ያው ተራራ ነው፣ ያው ምፅዋ ነው፤ አሁን ግን ጣሊያን በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሠራዊት ይዛ መጥታለች፣ ከወደቡ ጀምሮ መንገድ እየሠራች ስንቅ በካሚዮን ታወጣለች፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ አላት። የርቀቱ ወንፊት በመንገዱ ሰፋ ማለት ነው። በእኛ ጌም ዓድዋን አሥር ጊዜ ስንጫወት ኢትዮጵያ ስምንቱን አሸንፋለች፤ ጣሊያን ያሸነፈችባቸው ሁለቱ ብርጌዶቹን ሳይነጣጥል የተከላከለ ተጫዋች የያዛቸው ነበሩ። ማይጨውን ግን አሥር ጊዜ ስንጫወት አንድም ጊዜ አልተሳካልንም፤ አንዱ ልጅ ጦርነቱን ከማይጨው ትቶ መንገዱን መቁረጥ እስኪጀምር ድረስ።